የላምብሮስ ጥላ

ዚሲስ ከድንጋይ ማውጫው ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ የሰማው ዝምታውን ነው። ሁለቱ በቅሎዎች የድልድዩን ቅስት መዝጊያ ድንጋዮች ተጭነው ከፊቱ ይራመዳሉ፣ ነጂው ናኩ ከኋላቸው እያፏጨ ይከተላል፣ ወንዙም እንደ ልማዱ ከገደሉ ሥር ይጮኻል። የመዶሻ ድምፅ ግን የለም። ፀሐይ እዚህ ከደረሰች ወዲያ መላው ጓድ ድንጋይ እየመታ መሆን ነበረበት።

“ተኝተዋል እንዴ?” አለ ዚሲስ።

ናኩ ፉጨቱን አቆመ። “አንተ አለቃ ከሆንክ ወዲህ እንኳን የሚተኛ፣ ምሳውን አላምጦ የሚውጥም አላየሁ።”

ናኩ ቭላህ ከሚባሉት የተራራ እረኞች ወገን ነው፤ ከላይ ከግጦሹ አገር የመጣ። በቅሎዎቹ የራሱ ስለሆኑ ማንንም አይፈራም። ዚሲስ መልስ ሳይሰጠው የግራጫዋን በቅሎ ልጓም ያዘና እርምጃውን አፈጠነ። ከተራራው ጫፍ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ደመና እየጠቆረ ነበር። ላይ ከዘነበ ወንዙ ይሞላል፣ ወንዙ ከሞላ ቅስቱን ደግፎ የያዘውን እንጨት ጠርጎ ይወስዳል፣ ያልተዘጋ ቅስት ደግሞ ያለ ድጋፍ አንድ ቀን አያድርም። ከጊዮርጊስ በዓል ጀምሮ የተለፋበት ሁሉ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ግንበኛ በጓዱ ውስጥ አልነበረም።

በዚያ አገር ግንበኞች በፀደይ በጊዮርጊስ በዓል ከቤታቸው ይወጣሉ፣ ክረምት ሳይገባ በዲሚጥሮስ በዓል ይመለሳሉ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ድልድይና ቤተ ክርስቲያን፣ የቱርኩን ሹም የቤይን ግቢና የነጋዴ ቤት እየሠሩ ከወንዝ ወንዝ ይዞራሉ። ይህ ጓድ ለረጅም ዘመን የዋና ግንበኛው የማስትሮ ሲሞስ ጓድ ነበር። ባለፈው ፀደይ የሲሞስ ዓይን ሲጠፋ ቱንቢውን ከአንገቱ አውልቆ ለአማቹ ለዚሲስ አጠለቀለት። አንድም ሰው አልተቃወመም። እንደ ዚሲስ ድንጋይ የሚያስቀምጥ በአካባቢው አልነበረምና። ድንጋይ ማስቀመጥ የሚችል ሰው፣ ሰው መምራትም አያቅተውም ብለው ሁሉም አመኑ፤ እሱማ ከሁሉም በላይ አመነ።

ክፋት የለበትም ዚሲስ፣ ይህን ማንም አይልም። ግን ሌላው ያስቀመጠው ድንጋይ ዓይኑን ይቆረቁረዋል። ሰው ሁሉ እያየ ያነሳውና ራሱ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ አንድ ቃል ሳይናገርም ወደ ሌላው ያልፋል። ሲሞስ ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደርክ? ወገብህስ?” እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞር ነበር። ዚሲስ ይህን ተወው፤ ጊዜ ይፈጃል ብሎ። ግንበኞቹ የሚያሠራቸው ባለቤት እንዳይሰማቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ዚሲስ ሲጠጋቸው ያንን ትተው፣ ለባለቤት እንደሚያወሩት፣ ሁሉም በሚያውቀው ግሪክኛ መናገር ጀመሩ። አስተውሎታል። ወሬ ቀነሰ ብሎ ደስ አለው፣ ሞኙ።

ሌላም የተወው ነገር ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

ከግራሞስ ተራራ እስከ ባሕሩ ያለ ግንበኛ ሁሉ የሚያምነው አንድ ነገር አለ። ድልድይ ያለ ነፍስ አይቆምም። የሰው ጥላ በክር ተለክቶ ክሩ ግንብ ውስጥ ከገባ፣ ድልድዩ ይጸናል፣ ባለ ጥላው ግን ዓመት ሳይሞላው ይሄዳል። ስለዚህ ለመለካት ክር የሚዘረጋ ሰው አስቀድሞ “ጥላችሁን!” ብሎ ይጮኻል፣ ሁሉም ጥላውን ይዞ ወደ ኋላ ይላል። ሲሞስ ዕድሜ ልኩን ሲጮህ ኖሯል። ዚሲስ እስከ በጋው አጋማሽ ጮኸና ተወው። ለእያንዳንዷ ልክ ይህ ሁሉ ሰው ሥራ ፈቶ ወዲያና ወዲህ ማለቱ አበሳጨው።

ሰኞ ጠዋት ዚሲስ የድልድዩን የቀኝ እግር የውጭ ግድግዳ እየሠራ ነበር። መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ገጽ ስለሆነ ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። ልክ ሊወስድ ከፍየል ጠጉር የተገመደ ክሩን በግድግዳው ላይ ዘረጋ። ከመወጣጫው ላይ ላምብሮስ ቆሞ ነበር፤ ጥላው ግድግዳው ላይ ወርዶ ተጋድሟል። ክሩ ከጥላው ራስ ተነስቶ እግሩ ላይ አበቃ። ዚሲስ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ ምልክቱን ድንጋዩ ላይ አደረገ፣ ቁራጩን ግድግዳው ውስጥ ካለው የኖራ ጭቃ ወረወረና ድንጋዩን ገጠመበት።

ላምብሮስ ከመወጣጫው ወረደ። የጓዱ ትልቅ ሰው ነው፤ ዚሲስ ገና ጢም ሳያበቅል መዶሻ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። በዚያ አገር ታላቅን ሰው ባርባ ይሉታል፣ እንደ አጎት ማለት ነው። ዚሲስም ባርባ ላምብሮስ እያለ በአንቱታ ነበር ያደገው። አለቃ ከሆነ ወዲህ ግን ላምብሮስ ብቻ ሆነ፣ አንቱታውም ቀረ።

“አለቃ፣ ምን አደረግክ?” አለ ላምብሮስ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ያኔ ነው ዚሲስ የገባው። ይቅርታ ሊል ይችል ነበር። ዝምም ሊል ይችል ነበር። እሱ ግን ሰው ሁሉ እያየው ሳቀ። “አይዞህ ላምብሮስ፣ ድልድዩ ነፍስ ካማረው ጉልበት ያለው ይመርጣል። አንተን ምን ያደርግሃል?”

አብሮት የሳቀ አልነበረም። ላምብሮስ ያን ቀን እስኪመሽ ሠራ። በማግሥቱ ከመኝታው አልተነሳም።

አሁን ዚሲስ በቅሎዎቹን እየጎተተ ወንዙ ዳር ሲደርስ ግንበኞቹ ሳንቃ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ፋኒስ ተነሳ። ምላሱ ከመዶሻው የፈጠነ ሰው ነው፣ ዛሬ ግን ቀልድ ፊቱ ላይ የለም።

“ደህና መጣህ፣ አለቃ።”

“ምን ሆናችኋል? ሰማዩን አታዩም?”

“እናያለን።”

“ታዲያ ምን ይጎልታችኋል? መዝጊያው መጥቷል፣ ዛሬ ቅስቱን ካልዘጋን አለቀልን!”

“ባርባ ላምብሮስ ምግብ ከተወ ሰነበተ። ዛሬ ውሃም አልፈልግ ብሏል።” ፋኒስ እጁን አጣመረ። “ሰው እየሞተለት ባለ ድልድይ ላይ አንወጣም።”

“ማንም አይሞትም! ክር ነው! በጥርሴ የበጠስኳት ቁራጭ ክር! ሴት ልጆቻችሁ ፀጉራቸውን በማያስሩባት ክር የተነሳ ነው ይኼ ሁሉ?”

ፋኒስ ተመልሶ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። የዚሲስ ንዴት ወደ ራሱ ወጣ።

“እንግዲህ ስሙኝ! አሁኑኑ ሥራ የማይጀምር መዶሻውን ሰብስቦ ቤቱ ይግባ!”

ይነሳሉ ብሎ ነበር። ተነሱም። እያንዳንዱ መዶሻውን አነሳ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ ይከት ጀመር። አንዳቸውም አልቸኮሉም። ፋኒስ የሁለት መሮ ጫፍ እንዳይጋጭ መካከላቸው ቅጠል ሲያደርግ ዚሲስ ቆሞ አየው። ሲሞስ ዓይኑ ጠፍቶ ቱንቢውን ሲያጠልቅለት ያስረከበው ጓድ ዓይኑ እያየ ሊበተን ነው።

ናኩ ግራጫዋን እያራገፈ ነበር። ድንጋዩን መሬት አስቀመጠና ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

“እኔ ግንበኛ አይደለሁም፣ አለቃዬም አይደለህም። አንድ ነገር ልናገር?”

“አትናገር ብልህ ትተዋለህ?”

“አልተውም።” ናኩ የበቅሎዋን ጀርባ በመዳፉ ይዳስስ ጀመር፣ ኮርቻው የፈገፈጋትን ቦታ እየፈለገ። “ከመጣህ ጀምሮ ስለ ክር ስታወራ ሰማሁ። ስለ ሰማይም ሰማሁ። ስለ ሽማግሌው አንድ ቃል አልሰማሁም። ለመሆኑ ከተኛ ወዲህ ገብተህ አይተኸዋል?”

ዚሲስ “ሲሻለው ይነሳ” ብሎ ማክሰኞ ዕለት በሰው ልኮበት ነበር። ከዚያ በላይ ያደረገው ነገር ቢፈልግ አጣ።

“እኔ ለበቅሎዬ እንኳ...” አለ ናኩ። አልጨረሰውም። ዚሲስ ላምብሮስ ወደተኛበት ጎጆ እየሄደ ነበር።

ጎጆው ከቅርንጫፍ የተሠራ፣ ውስጡ ጭስ ጭስ የሚል ነው። ላምብሮስ የፍየል ጠጉር ካባውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል። ከራስጌው የቦሎቄ ሾርባ በሳህን ደርቋል፣ የበቆሎ ዳቦውም እንደተቀመጠ አለ። ዚሲስ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

“ባርባ” አለ። ቃሉን ከአፉ ካወጣው ብዙ ጊዜው ነበር።

ሽማግሌው ዘወር አለ። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል። “አለቃ። ድንጋዮቹ መጡ?”

“መጡ።”

“ጠርዛቸው ደህና ነው?”

“ደህና ነው።”

“ዝጋው እንግዲህ። ሰማዩ ከፍቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።”

“ሰዎቹ እምቢ አሉኝ።”

“ፋኒስን ጥራልኝ። እኔ እነግረዋለሁ።” ላምብሮስ ትንፋሹን ሰበሰበ። “እኔ አልተቀየምኩህም፤ ይኼን እወቅ። ምክንያት ነበረህ።”

“የምን ምክንያት?”

“በጋውን ሙሉ ድንጋዬን ስታነሳ አይቻለሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ዓይኔም ደክሟል። ሲሞስ ቢሆን ይነግረኝ ነበር። አንተ ልጅ ነህ፣ እኔን ከሥራ ውጣ ማለት ከበደህ አልኩ። ድልድዩ ደግሞ አንድ ሰው ከፈለገ፣ ቤቱ ሚስትና ልጅ የሚጠብቁት ከሚሆን እኔ ልሁን። እኔን ማን ይጠብቀኛል? መርጠኸኛል። ደህና መርጠሃል።”

ዚሲስ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ። “አውቄ ያደረግሁት መስሎዎት ነው?”

“አለቃ ሳያውቅ ክር አይዘረጋም።”

“ባርባ፣ አላየሁም። ጥላችሁን ብዬ መጮህ ትቼ ነበር፣ ጊዜ ይበላል ብዬ። ቀና አላልኩም። እዚያ ላይ መኖርዎን እንኳ አላየሁም።”

ላምብሮስ ካባውን ከአገጩ ዝቅ አደረገ።

“እሱስ ይብሳል” አለ ቀስ ብሎ፣ ያለ ንዴት።

ዚሲስ አለቀሰ። አባቱ ሲሞት ያላለቀሰው ሰው፣ ፊቱን በኖራ በተቃጠለ እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። የሚያሳፍረው መሰለው፤ አላሳፈረውም። ሽማግሌው እጁን ከካባው ሥር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረለት፣ ግን የሚያጽናና ቃል አልተናገረም። ያልተሰማውን መናገር አይችልበትም።

ዚሲስ ከጎጆው ሲወጣ ግንበኞቹ ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ነበር። ዲጂኖውን አነሳና ወደ ቀኙ እግር ሄደ። የዲጂኖውን ጫፍ በገዛ ግድግዳው መጋጠሚያ ውስጥ አስገብቶ ገፋ። የመጀመሪያው ድንጋይ ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ።

“ምን እያደረግክ ነው?” አለ ፋኒስ።

“ክሩን ላወጣ።”

“አሁን? ጎርፉስ?”

“ይምጣ።”

“ይሄ ሁሉ ድልድይ ይሂድ?”

“ይሂድ።” ዚሲስ ሁለተኛውን ድንጋይ አላወሰ። “ድልድይ ሌላ እንሠራለን። ላምብሮስን ከየት እናመጣለን?”

“ቁራጭ ክር ናት ብለህ አልነበር?”

“ብያለሁ። ሳቅሁበትም። ያን ቀን አፌን ድንጋይ ቢመታው ጥሩ ነበር።” ዲጂኖው አዳለጠውና ጣቱን ላጠው፤ ደሙን ሱሪው ላይ ጠረገ። “ብቻዬን ቶሎ አልጨርሰውም። አላዝዛችሁም ግን። መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ስሙን በክፉ አላነሳም።”

ፋኒስ ጓደኞቹን አየ። ከዚያ ከረጢቱን ከትከሻው አውርዶ ሣሩ ላይ አኖረው። ማንም እንዳይነካው የተባለውን ግድግዳ በአንድ ጊዜ ብዙ እጅ ያዘው። “ቀስ! ጠርዙን...” ብሎ ዚሲስ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። ፋኒስ ድንጋዩን በጠርዙ አስቀመጠው። ጠርዙ አልተሰበረም።

ከድንጋዩ በስተጀርባ ያለው ኖራ ገና አልደረቀም ነበር። እጃቸውን እስከ ክርናቸው እየከተቱ ፈለጉ። ችግሩ ወዲያው ታያቸው። በዚያ አገር የኖራ ጭቃ እንዳይሰነጠቅ የፍየል ጠጉር ተቀላቅሎበት ነው የሚቦካው፤ ክሩም የፍየል ጠጉር ነው። ከየጭብጡ ነጭ ጠጉር ወጣ።

“ይቺ ናት?”

“አይደለችም፤ ይቺ አልተገመደችም።”

“ይቺስ?”

“የአንተ ጢም ናት!”

“ኧረ አንድ ሙሉ ፍየል አወጣችሁ” አለ ናኩ ከበቅሎዎቹ በኩል። “ቀንዷ ብቻ ቀረ።”

አንዱ ሳቀና ወዲያው ዝም አለ። ላምብሮስ ካባውን ደርቦ፣ የጎጆውን ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነበር። እንዴት እንደተነሳ ያየ የለም። የሚያየው የግድግዳውን ቀዳዳ ነው፤ ያ የተወለወለ የመሰለ ገጽ መካከሉ ተቦድሶ ሆዱ ተዘርግፏል።

“ማነው ያፈረሰው?”

“እኔ ነኝ” አለ ዚሲስ።

“ያንን ግድግዳ?”

“ያንን።”

ላምብሮስ እየተንገዳገደ መጣ። ፋኒስ ሊደግፈው ቢል እጁን አነሳበት። ከቀዳዳው ጭቃ ቆንጥሮ በጣቶቹ መካከል አሸና ራሱን ነቀነቀ። “አታገኙትም። ኖራው በልቶታል።”

ሁሉም የያዘውን ይዞ ቆመ። ወንዙ ድምፁን ቀይሮ ነበር፤ ከላይ መዝነብ ሳይጀምር አልቀረም። ፀሐይዋ ግን ከደመናው በታች ባለችው ጠባብ ክፍት ቦታ ብቅ አለች፤ የሰውም የበቅሎም ጥላ በወንዙ ዳር ጠጠር ላይ ተዘረጋ። ዚሲስ የራሱን ጥላ አየ። ከወገቡ የክሩን ድውር ፈትቶ ላምብሮስ እጅ ላይ አስቀመጠ።

“ይለኩኝ።”

“ምንህን?”

“ጥላዬን። ይለኩና እዚያው ያስገቡት። የሚመጣ ነገር ካለ ብቻዎን አይሆኑም።”

“ጅል አትሁን። ሚስትህ እርጉዝ ናት።”

“አውቃለሁ።”

“አታምንበትም ደግሞ።”

“ዝም ብለው ይለኩኝ፣ ባርባ።” ዚሲስ ጀርባውን ለፀሐይዋ ሰጥቶ ቀጥ አለ። “ጥላችሁን!” ብሎ ጮኸ፣ እንደ ሲሞስ፣ ድምፁ ከወዲያ ማዶ ገደል መልሶ እስኪመጣ። ግንበኞቹ ወደ ኋላ ተሰበሰቡ።

ላምብሮስ በጉልበቱ ተንበርክኮ የክሩን ጫፍ ከጥላው ራስ ላይ አደረገ። ከዚያ በጠጠሩ ላይ እየዳኸ ክሩን ወደ ዚሲስ እግር ይስበው ጀመር። አለቃው ክር ብቻ መሆኑን ያውቅ ነበር። በጠዋቱ ምሎ ይናገር ነበር። ግን ክሩ በጥላው ደረት ላይ ሲያልፍ ቅዝቃዜ ከእግሩ ተነስቶ ወጣበት፣ ያልተወለደው ልጅ ፊት ሳያየው ትዝ አለው። ሮጦ ከዚያ መውጣት ፈለገ። ላብ በጆሮው ሥር ወረደ።

ሽማግሌው ከእግሩ ሥር ሆኖ ቀና ብሎ አየው። “ፈራህ?”

“ፈራሁ።”

“በጣም?”

“በጣም ነው የፈራሁት። ሰኞ ዕለት እንዲህ ሆነው ነበር?”

“እንዲህ ሆኜ ነበር።”

“እኔ ሳቅሁ።”

“ሳቅህ” አለ ላምብሮስ። “ያ ነው ምግቡን የዘጋብኝ። ክሩ ብቻ ቢሆን እየተንቀጠቀጥኩም እበላ ነበር።” ክሩን በጥርሱ ሊበጥስ ሞከረ፤ ጥርሱ እምቢ አለው፤ ዚሲስ ጎንበስ ብሎ በጠሰለት።

“የኔንም ይለኩ” አለ ፋኒስ ድንገት።

“አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ?” አለው ላምብሮስ።

“እንዴ! ሁላችንም ከገባንበት ሞት ማንን ልጥራ ብሎ ግራ ይገባዋል። ዞሮ ዞሮ ሰልችቶት ይሄዳል።” ፋኒስ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። “ጥላችሁን!”

ከዚያ ወዲያ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ ግርግር ሆነ። አንዱ ወጥቶ ሌላው ይቆማል፣ ሁሉም በየተራው “ጥላችሁን!” ይላል፣ ሌሎቹ እየተሳሳቁ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። የምሩን ያማተበም ነበር። ፍርሃቱን ለመደበቅ የሚስቅም ነበር። ከራሳቸው ቋንቋ ጋር የተቀላቀለ ስድብና ፌዝ ይወርድ ጀመር፣ ለዚሲስም ሳይቀር። ናኩ ግራጫዋን እየጎተተ መጣ።

“የሷንም ለኩ። እንደውም ከሷ ይጀምር፤ ሰነፍ ናት።”

“ከየት ነው የምትለካው? ከጆሮዋ ነው ከራሷ?”

“ከጆሮዋ! ጆሮዋን ትታችሁ ግማሽ በቅሎ ልታስገቡ ነው?”

ላምብሮስ በቅሎዋን ከጆሮዋ ጀምሮ ለካ። በመካከሉ ሳቅ ያዘው። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ሳቅ ሆነ፣ በመጨረሻ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን በካባው ጠረገ። ከዚያ ክሮቹን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ቋጠሮ አሰራቸውና ቀዳዳው ውስጥ አስቀመጠ።

ግድግዳውን ሲመልሱ ለመጠንቀቅ ጊዜ አልነበረም። ሁሉም ያገኘውን ድንጋይ እያነሳ ገጠመ፣ ዚሲስም እንደ አንዳቸው ሆኖ ገጠመ። ወዲያው ወደ ቅስቱ ወጡ። ማንም “ውጡ” አላለም። መዝጊያዎቹን በገመድ እየሳቡ በየቦታቸው አስቀመጧቸው፤ የመጨረሻው በእንጨት መዶሻ ሲገባ ዚሲስ አልነበረም የሚመታው፣ ፋኒስ ነበር። ዚሲስ ከታች ሆኖ ውሃው ድጋፉን ሲገፋው እያየ “ደረሰ?” ብሎ ጠየቀ። “ደረሰ!” አሉት ከላይ። የዝናቡ ነጠብጣብ ድንጋዩ ላይ መታየት ጀምሮ ነበር።

ሲጨልም ሁሉም ጎጆው ውስጥ ታጭቀው ተቀመጡ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣ ልብሳቸው እሳቱ ዳር ይጨሳል፣ ራኪ የሚሉት አረቄ ጠርሙስ ከእጅ እጅ ይዞራል። ከወንዙ በኩል እንጨት ሲሰበር ተሰማ፤ ድጋፉ እየሄደ ነበር። ሁሉም ጆሮውን ሰጠ። የድንጋይ መውደቅ ድምፅ ግን አልተከተለም፤ ቅስቱ በራሱ ቆመ። ለደስታው እልል ያለ የለም። ሁሉም ላምብሮስን ላለማየት እየተጠነቀቀ ነበር፣ ማለትም ሁሉም የሚያየው እሱን ነበር።

ዚሲስ ሾርባውን ራሱ ቀዳ። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ሽማግሌው ፊት በርከክ አለ። ላምብሮስ ተቀበለው፤ ማንኪያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

“ግድግዳህን ሳየው ነበር” አለ።

“እ?”

“አንተ ያስቀመጥካት፣ ከግራ በኩል ያለችው ትልቋ። አዘንብላለች።”

በጋውን በሙሉ ለዚሲስ እንዲህ ብሎ የነገረው አልነበረም። እሱም ለራሱ ታወቀው፤ “ቱንቢ ጥዬባታለሁ” የሚለው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

“ወዴት ነው ያዘነበለችው?”

“ወደ ውጭ። ነገ አሳይሃለሁ።”

ላምብሮስ “ነገ” ማለቱን አላስተዋለም፣ ሌሎቹ ግን ሰምተዋል። ፋኒስ አንገቱን ደፍቶ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ።

“ነገ ያሳዩኛል” አለ ዚሲስ።

ሽማግሌው ማንኪያውን አነሳና ጎረሰ። ቀስ ብሎ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ግንባሩን ቋጠረ።

“ጨው የለውም” አለ።

አለቃው ጨው ሊያመጣ ተነሳ።